ስኳሩ ያለው የጣልሽው አተላ ውስጥ ነው

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ የማስተርስ ተማሪ ነች። ከበቆሎ አገዳ አልኮል (ኤታኖል) ለማውጣት አገዳውን አድርቃ ፈጭታለች። 100 ግራሙን በ1 ሊትር የተበረዘ ሰልፈሪክ አሲድ ዘፍዝፋ፣ አሲዱን 0.5፣ 1 እና 2 በመቶ እያደረገች፣ በአውቶክሌቭ (በእንፋሎት ግፊት በሚያበስል ማሽን) በ121 ዲግሪ ለ60 ደቂቃ አብስላለች። አጥልላ ፈሳሹን ያዘች፣ ጠጣሩን ጣለች። በዲኤንኤስ (የስኳርን መጠን በቀለም ለውጥ በሚያሳይ ኬሚካል) ስትለካ የ2 በመቶው 38 ግራም በሊትር ስኳር አሳያት። ደስ ብሏት ፒኤቹን (የአሲድነት መለኪያውን) በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ወደ 4.5 መልሳ የዳቦ እርሾ ጨመረችበት። ከ3 ቀን በኋላ የወጣው አልኮል አለ ለማለት የሚያሳፍር ሆነ። «አሲዱን ወደ 5 በመቶ ከፍ ላድርገው? ወይስ እርሾዬ ነው የሞተው?» ትላለች።

አሲዱን ከፍ እንዳታደርጊው። እርሾሽም ምናልባት አልሞተም፣ የሚበላው አጥቶ ነው። ትንሽም ተመርዟል፣ እሱን በኋላ እናየዋለን። ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው፤ እርሾው የሚፈልገው ግሉኮስ ከሞላ ጎደል በሙሉ አጥልለሽ የጣልሽው ጠጣር ውስጥ ቀርቷል።

አገዳውን እንደ ጭቃ ቤት ግድግዳ አስቢው። ሴሉሎስ እንጨቱ ነው። ሄሚሴሉሎስ እንጨቱን የሚያያይዘው ልጥ ነው። ሊግኒን ደግሞ ጭቃው። የተበረዘ አሲድ በ121 ዲግሪ የሚበጥሰው ልጡን ነው። ጭቃው እዚህም እዚያም ይሰነጠቃል፣ ይንቀሳቀሳል፣ ግን እንጨቱ ቆሞ ይቀራል። ያንቺ ፈሳሽ ውስጥ ያለው የልጡ ስብርባሪ ነው፣ ማለትም በአብዛኛው ዛይሎስ የሚባለው ስኳር። የዳቦ እርሾ ደግሞ ዛይሎስ አይበላም። ሳምንት ብታስቀምጪውም አይበላም።

አሁን ወረቀት ያዢና አብረን እናስላ፣ ምክንያቱም 38 የሚለው ቁጥር ራሱ ልክ አይመስለኝም።

100 ግራም ደረቅ የበቆሎ አገዳ ውስጥ፣ እንደ ዝርያውና እንደታጨደበት ጊዜ ቢለያይም፣ 36 ግራም ገደማ ሴሉሎስ፣ 20 ግራም ገደማ ዛይላን፣ 3 ግራም ገደማ አራቢናን (ሁለቱም የሄሚሴሉሎሱ ክፍሎች ናቸው)፣ 18 ግራም ገደማ ሊግኒን አለ። የቀረው አመድ፣ ፕሮቲን፣ ሰምና የመሳሰለው ነው። ዛይላን ሲሰበር ውሃ ስለሚገባበት ክብደቱ በ1.136 ይባዛል። ስለዚህ 20 ግራሙ ቢበዛ ቢበዛ 23 ግራም ዛይሎስ ይሰጥሻል። አራቢኖሱን 3 ግራም ጨምሪ። በዚህ ሙቀት ከሴሉሎሱ የሚወጣው ግሉኮስ ጥቂት ግራም ነው። ሁሉም ነገር ያለ አንዳች ብክነት ቢሄድልሽ እንኳን 30 ግራም አካባቢ ትደርሻለሽ። አንቺ 38 አገኘሁ እያልሽኝ ነው። አገዳው እሸት እያለ ከታጨደ የራሱ ነፃ ስኳር ስለሚኖረው ቁጥሩን ትንሽ ያነሳዋል። የበቆሎ ፍሬ ተደባልቆ ተፈጭቶ ከሆነም ስታርች ይገባል። ያም ሆኖ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ዲኤንኤሱን ነው።

ዲኤንኤስ ስኳር ለይቶ አያውቅም። የሚለካው ኤሌክትሮን የሚሰጥ ነገር ሁሉ ነው። ግሉኮስ ይሁን ዛይሎስ፣ ፉርፉራል ይሁን ከሊግኒን የወጣ ፌኖል፣ ለሱ ግድ የለውም። በዚያ ላይ ፈሳሽሽ እንደ ጠቆረ ሻይ ቡናማ ነው፣ በ540 ናኖሜትር ያ ቀለም ራሱ ይነበባል። ቢያንስ ዲኤንኤስ ያልገባበት ያንኑ ፈሳሽ በተመሳሳይ መጠን አቅጥነሽ አንብቢና ቀንሺ። ካሊብሬሽንሽንም በግሉኮስ ብቻ አትሥሪ፣ በዛይሎስም ሥሪ። ሌላም አለ። ሪኤጀንቱ የሚሠራው በአልካሊ ውስጥ ስለሆነ አሲዳማ ናሙና ገለልተኛ ሳታደርጊ ብትጨምሪ ንባቡ ይዛባል።

ኤችፒኤልሲ (ስኳሮችን አንድ በአንድ ለይቶ የሚለካ መሣሪያ) ካላችሁ ጣጣው ሁሉ ያበቃል። ከሌላችሁ ደግሞ አትጨነቂ፣ የሕክምና ላብራቶሪዎች የደም ስኳር የሚለኩበት በግሉኮስ ኦክሲዴዝ የሚሠራ ሪኤጀንት አለ። ግሉኮስን ለይቶ ነው የሚያነበው። ናሙናውን ገለልተኛ አድርገሽ፣ ኪቱ እስከሚያነብበት መጠን ድረስ አቅጥነሽ ለኪው። የጣት መውጊያዋን ትንሿን ማሽን ግን አልመክርሽም፣ ምክንያቱም አንዳንዶቹ ዛይሎስንም ግሉኮስ ብለው ይቆጥሩልሻል። በዲኤንኤሱና በግሉኮሱ ንባብ መካከል ያለውን ልዩነት ስታዪ የኔ ጽሑፍ ሁሉ በአንድ መስመር ይገባሻል።

ወደ እርሾው እንመለስ። ተራበ ወይስ ተመረዘ? ይህን ለመለየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ሦስት ፍላስክ አዘጋጂ፣ በእያንዳንዱ 200 ሚሊ ሊትር። አንዱ ንጹህ ውሃ ላይ 20 ግራም በሊትር ግሉኮስና ትንሽ የእርሾ ምግብ ያለበት ይሁን። ሁለተኛው ያንቺ ፈሳሽ እንዳለ። ሦስተኛው ያንቺው ፈሳሽ ሆኖ 20 ግራም በሊትር ግሉኮስ የተጨመረበት። እኩል እርሾ አድርጊባቸውና በ30 ዲግሪ አስቀምጪ፣ ጋዙ እንዲወጣ ግን አየር እንዳይገባ አድርገሽ ክደኚ። ከዚያ ጠዋትና ማታ ሁለት አሥርዮሽ የሚያነብ ሚዛን ላይ መዝኚ። ግሉኮስ ወደ አልኮል ሲቀየር ግማሽ የሚጠጋው ክብደቱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይሄዳል። በ200 ሚሊ ሊትር ውስጥ 4 ግራም ግሉኮስ አለ፣ ስለዚህ ጤነኛ ፍላስክ 2 ግራም ገደማ ይቀልላል። የመጀመሪያው ካልቀለለ እርሾሽ ጊዜው ያለፈበት ነው። ሁለተኛው ሳይቀልል ሦስተኛው ከቀለለ እርሾው ተርቦ ነበር ማለት ነው። ሦስተኛውም ካልቀለለ መርዝ አለ። ዘግይቶ ከጀመረ ደግሞ መርዙ አለ፣ ግን እርሾው እየተቋቋመው ነው። ፉርፉራል ላይ ይህን ብዙ ጊዜ ታያለሽ። እርሾው መጀመሪያ ፉርፉራሉን ወደ ፉርፉሪል አልኮል ቀይሮ መርዙን ያለዝባል፣ ከዚያ ነው ወደ ስኳሩ የሚዞረው።

መርዞቹ እነማን ናቸው? ዛይሎስ አሲድና ሙቀት ሲበዛበት ፉርፉራል ይሆናል። ግሉኮስ ደግሞ ኤችኤምኤፍ የሚባል የፉርፉራል ዘመድ፣ እሱም ሲብስበት ወደ ሌቩሊኒክና ፎርሚክ አሲድ ይሰበራል። አሲዱን ወደ 5 በመቶ ብታሳድጊው የምታገኚው ይህን ነው። ዛይሎስሽ ወደ ፉርፉራል እየሄደ ስኳርሽ ይቀንሳል፣ መርዙ ይጨምራል፣ ክሪስታል የሆነው ሴሉሎስ ደግሞ አሁንም ከቦታው ንቅንቅ አይልም። እሱን በተበረዘ አሲድ ብቻ ለመስበር 200 ዲግሪ አካባቢና ከዚያ በላይ መውጣት ይጠይቃል፣ እዚያ ደግሞ ግሉኮሱ እንደወጣ ይቃጠላል። ሰውም ያልሞከረው ነገር አይደለም። ፈረንሳዊው ኬሚስት ብራኮኖ ከተልባ ጨርቅ በሰልፈሪክ አሲድ ስኳር ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1819 ነው። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ጀርመኖች እንጨትን በተበረዘ አሲድ እያጠቡ አልኮል አምርተውበታል፣ ሶቪየት ኅብረትም ለዚሁ ሥራ ብዙ ፋብሪካዎች ነበሯት። ያኔ የሚገባቸው ምክንያት ነበራቸው፣ ጦርነትና የነዳጅ እጦት። ዋጋ የሚያሰላ ሰው ግን ዛሬ በዚያ መንገድ አይሄድም።

ሦስተኛውን መርዝ ሰው ይረሳዋል፣ አሴቲክ አሲድ። ሄሚሴሉሎስ ላይ የተለጠፉት የአሴቲል ቡድኖች ሲላቀቁ የሚመጣ ነው። ባንቺ አሠራር 3 ግራም በሊትር አካባቢ ይኖራል። እርሾን የሚጎዳው ወደ አዮን ያልተከፋፈለው ሞለኪውል ነው፣ በሽፋኑ ሰርጎ የሚገባው እሱ ስለሆነ። ፒኤች 4.5 ላይ ከአሴቲክ አሲዱ 65 በመቶ የሚሆነው በዚህ መልክ ነው ያለው። 5.5 ላይ ግን ወደ 15 በመቶ ይወርዳል። አየሽ፣ ፒኤቹን በአንድ ማንሳት ብቻ ብዙ ሥራ ይሠራል። ምንም ወጪ የለውም።

ሶዲየም ሃይድሮክሳይዱንም ተዪው። 2 በመቶ አሲድ ለመግደል በሊትር 16 ግራም ገደማ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ትጨምሪያለሽ፣ ከዚያ 29 ግራም ሶዲየም ሰልፌት ሟሙቶ እዚያው ይቀራል። እርሾውን በጨው ውሃ ውስጥ ነከርሽው ማለት ነው። ኖራ ተጠቀሚ። ካልሲየሙ ከሰልፌቱ ጋር ጄሶ ሆኖ ይዘቅጣል፣ አጥልለሽ ትጥይዋለሽ፣ ሟሙቶ የሚቀረው በሊትር 2 ግራም ገደማ ነው። ፍላስክ ሦስት መርዝ መኖሩን ካሳየሽ ደግሞ ፈሳሹን 50 እስከ 60 ዲግሪ አሙቀሽ፣ በኖራ ፒኤቹን 10 አድርሰሽ፣ 30 ደቂቃ አቆይተሽ አጥልዪና በጥቂት ሰልፈሪክ አሲድ ወደ 5.5 መልሺው። ፉርፉራሉና ፌኖሎቹ ይቀንሳሉ። አሴቲኩን ግን አይነካውም። ከዚያ በላይ ብታሞቂው ወይም ብታቆዪው ስኳሩም አብሮ ይሄዳል፣ ስለዚህ ከፊትና ከኋላ ለኪ።

አሁን ወደ ጣልሽው ነገር። 100 ግራም አገዳ ከአሲዱ ሲወጣ 60 ግራም ገደማ ጠጣር ይቀርሻል፣ ከግማሽ በላዩ ሴሉሎስ ነው። ሴሉሎስ ወደ ግሉኮስ ሲቀየር በ1.11 ይባዛል። ሙሉ በሙሉ አይወጣም እንጂ ከ35 ግራም በላይ ግሉኮስ እዚያ አተላ ውስጥ ተቀምጧል። የአሲዱ ሥራ ስኳሩን ማውጣት ሳይሆን ሴሉሎሱን ወደ ግሉኮስ የሚቆርጠው ኢንዛይም (ሴሉሌዝ) እንዲገባ በር መክፈት ነው። የኛ አገር ገበሬ ጭድ በዩሪያ አክሞ ለከብት ሲሰጥ የሚያደርገው በሌላ ኬሚካል ይህንኑ ነው። አሞንያው ጭዱን ያላላዋል፣ ቀሪውን የከብቱ ሆድ ውስጥ ያሉት ጀርሞች ይጨርሱታል።

ጠጣሩን በውሃ ደጋግመሽ እጠቢ፣ የሚወርደው ውሃ ፒኤች 5 አካባቢ እስኪደርስ። የታጠበበትንም ውሃ መጠን ጻፊ፣ ስኳር ይዞ ስለሚሄድ በኋላ ሒሳቡ አልገጥም ብሎሽ ትቸገሪያለሽ። ከዚያ አታድርቂው። ደግሜ ልበል፣ ኦቭን ውስጥ አታስገቢው። ተማሪ ሁሉ እዚህ ላይ ይወድቃል፣ ምክንያቱም ደረቅ ነገር መመዘን ይቀላል። እርጥቡ ቃጫ ሲደርቅ በአሲድ የተከፈቱት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይደፈናሉ፣ መልሰሽ ብታረጥቢውም እንደድሮው አይከፈቱም። እርጥበቱን ለማወቅ ከዳር ትንሽ ቆንጥረሽ በ105 ዲግሪ አድርቂ፣ ዋናውን እርጥብ እንዳለ በፕላስቲክ ቋጥረሽ ፍሪጅ አስቀምጪ።

ለኢንዛይሙ ሲትሬት በፈር፣ ፒኤች 4.8 እስከ 5፣ 50 ዲግሪ፣ ቀስ እያለ የሚነቀንቅ ሼከር፣ ከ48 እስከ 72 ሰዓት። ሴሉሌዙ ውስጥ ቤታ ግሉኮሲዴዝ በቂ መኖሩን አረጋግጪ። ካነሰ ሴሎባዮስ (ገና ያልተለያዩ ሁለት ግሉኮሶች) ይጠራቀማል፣ ሴሎባዮስ ደግሞ ኢንዛይሙን ራሱን ያንቀዋል፣ የዳቦ እርሾም አይበላውም። ሻጋታ እንዳይገባ ሶዲየም አዛይድ ጨምሪ የሚል መመሪያ ታገኚያለሽ። አዛይዱ መለካት ብቻ ለፈለገ ሰው ነው። ወደ እርሾ የሚሄድ ከሆነ እንዳትነኪው፣ እርሾውንም ይገድለዋል፣ ላንቺም አደገኛ ነው።

ኢንዛይሙ ውድ ነው፣ ከውጭ ነው የሚመጣው፣ አውቃለሁ። ዩኒቨርሲቲያችሁ የማይክሮባዮሎጂ ክፍል ካለው ከትራይኮደርማ ወይም ከአስፐርጊለስ ሻጋታ ጥሬ ኢንዛይም ማውጣት ይቻላል። ያ ዛሬ ዓለም ሁሉ ኢንዛይም የሚያመርትበት ትራይኮደርማ ሪሲ የተገኘው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሰሎሞን ደሴቶች ላይ የአሜሪካን ጦር የጥጥ ድንኳን ሲበላ ነው። ጥሬው ደካማ ይሆናል፣ ለቴሲስ ግን ከበቂ በላይ ነው።

ፈሳሹስ? አትጥይው፣ ግን ለዳቦ እርሾ አትስጪው። ዛይሎስ የሚበላ እርሾ አለ፣ ሼፈርሶማይሲስ ስቲፒቲስ የሚባለው (የቆዩ መጻሕፍት ፒኪያ ይሉታል)። በጣም ጥቂት አየር ይፈልጋል፣ አሴቲክ አሲድና ፉርፉራል ላይ ደግሞ ከዳቦ እርሾ የበለጠ ስስ ነው። ካላገኘሽው ባዮጋዝ አድርጊው። ሰልፌቱን ግን በኖራ ሳታወጪ አይሆንም፣ የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ያመጣብሻል።

አንዳንድ ጥቃቅን ነገሮች፣ ቁጥርሽ እንዲታመን። «2 በመቶ» ስትዪ በክብደት ነው በይዘት? 98 በመቶውን አሲድ 10 ሚሊ ሊትር ወስደሽ 1 ሊትር ብትሞዪው 1 በመቶ በይዘት ነው፣ ግን ውስጡ 18 ግራም አሲድ አለ። በክብደት 1.8 ማለት ነው። አንዱ ጽሑፍ በዚህ፣ ሌላው በዚያ ይጽፋል፣ ከዚያ ውጤታቸው ለምን ተለያየ ብለን ራሳችንን እንበላለን። አገዳው አፈር ከያዘ ወይም አመዱ ከበዛ ደግሞ አሲዱን በከፊል ይገድለዋል። በ2 በመቶው ላይ ብዙ ላይታወቅሽ ይችላል፣ በ0.5ቱ ላይ ግን ይታወቃል። ስለዚህ አገዳው ከገባ በኋላ ፒኤቹን ለኪና ጻፊ።

ሰዓቱም እንደዚያው። አውቶክሌቩ 121 ሲልሽ ጠርሙስሽ መሃል ያለው ዝፍዝፍ ገና ነው፣ በተለይ 1 ሊትር ሙሉ ከሆነ። በ250 ሚሊ ሊትር ጠርሙሶች ከፋፍዪው። በዚህ ዘርፍ በተለምዶ በምንጠቀምበት ቀመር ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር የአሲድ ሕክምናው ኃይል በእጥፍ ይጨምራል። ያንቺ 60 ደቂቃ በ121 ዲግሪ ማለት በ160 ዲግሪ 4 ደቂቃ ገደማ ነው። ፋብሪካዎች ከፍ ያለ ሙቀትና አጭር ጊዜ የሚመርጡት ለዚህ ነው፣ እዚያ ግን ተራ ብረት አሲዱን አይችለውም። አውቶክሌቫችሁም ቢሆን ብረት ነው። ጠርሙሱ ገንፍሎ አሲድ ከነካው ማሽኑን ታበላሺዋለሽ፣ ሙቀት የሚችል የፕላስቲክ ትሪ ላይ አስቀምጪ፣ ክዳኑን ላላ አድርጊ፣ አሉሚኒየም ፎይሉን ትተሽ በጥጥ ዝጊ። ስትበርዢ ሁልጊዜ አሲዱ ወደ ውሃው ነው የሚገባው፣ ውሃ ወደ አሲድ አይደለም። መነፅርና ጓንት አድርጊ። የመኪና ባትሪ አሲድ በርካሽ ይገኛል ብለው የሚመክሩሽም አይጠፉም። እሱ አስቀድሞ የተበረዘ ነው፣ 37 በመቶ ገደማ፣ እንደ 98 ቆጥረሽ ብታሰዪ ሙከራሽ ሁሉ ይዛባል።

አንድ ነገር ስለ መግቢያሽ፣ ባትጠይቂኝም። «በየሜዳው የሚጣል የሰብል ተረፈ ምርት» ብለሽ ከጻፍሽ ሰርዢው። የኛ ገበሬ አገዳ አይጥልም። ያበላል፣ ያነዳል፣ ያጥርበታል። የጤፍ ጭድ ገበያ ወጥቶ የሚሸጥ ነገር ነው። ኤታኖላችንም እስካሁን ከሞላሰስ ነው። አዲስ አበባ ላይ እ.ኤ.አ. በ2008 ቤንዚን ውስጥ 5 በመቶ ኤታኖል መቀላቀል ሲጀመር ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የመጣ ነበር፣ ሞላሰስ ደግሞ አሲድም ኢንዛይምም ሳይፈልግ እርሾ የሚበላው ስኳር ነው። ገለባ ከሱ ጋር በዋጋ መወዳደር ከባድ ነው። ገንዘብ ያላቸውም ቢሆኑ አልቀላቸውም። ዱፖንት አዮዋ ውስጥ ከበቆሎ አገዳ ኤታኖል የሚያመርት ግዙፍ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2015 ከፍቶ በ2017 ለሽያጭ አቅርቦታል። ስለዚህ ቆረቆንዳ፣ የቡና ገለባ ወይም የጫት ገረባ ብትጨምሪበት ቴሲስሽ መሬት የረገጠ ይሆናል። ቆረቆንዳው በተለይ ዛይላኑ ብዙ ነው፣ ለአሲድ የሚመች። የቡና ገለባው ካፌይንና ታኒን ይዞ ስለሚመጣ እርሾውን ያስቸግርሻል፣ ቀድመሽ በሙቅ ውሃ እጠቢው።

መጀመሪያ ግን አዲስ አገዳ ሳትፈጪ ሦስቱን ፍላስክ ሥሪ። የጠዋትና ማታውን ክብደት፣ አገዳው ከገባ በኋላ ያለውን ፒኤችና የግሉኮሱን ንባብ እዚሁ ጻፊልኝ፣ ኢንዛይሙን ስንት እንደምትጨምሪ አብረን እናሰላለን።